አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ማጫወቻው ለምን አልጫን ይላል?

ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚሄድ ሸቀጥ ቆላውን በግመል አቋርጦ ጀልዴሳ ላይ ይራገፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ለግመል ስለማይመች ጭነቱ ለበቅሎና ለአህያ ይከፋፈላል። የሲራራ ነጋዴው «ግመሉ አርጅቷል» ብሎ አይፈርድም፤ ጭነቱን ለመንገዱ እንዲስማማ አድርጎ ያሰናዳዋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ጀልዴሳ ከዋናው መንገድ ወጣች፤ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር የቪዲዮ ማጫወቻ አልቀበል ሲል ግን የሚሰማው ፍርድ የነጋዴውን አይመስልም። «ማሽኑ አርጅቷል» ይባላል፤ ካልሆነም «ፎርማት ይደረግ»። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ጉዳዩ የማሽኑ ዕድሜ ሳይሆን የጫኙ ፋይልና የማሽኑ አለመጣጣም ነው፤ አለመጣጣሙ ደግሞ ተነብቦ ሊታወቅ የሚችል ነው። ፎርማት ሲደረግ ችግሩ የተጻፈበት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ጫኙ ፋይል፣ ሰዉ ኢንስቶለር የሚለው፣ ታምቆ የተቋጠረ የፋይል ጥቅልና የአጫጫን መመሪያ ነው። ደብል ክሊክ ሲደረግ ፋይል መገልበጥ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ነገር ይጣራል፤ ከፊሉን ዊንዶውስ፣ ከፊሉን ኢንስቶለሩ ራሱ ያጣራዋል። ዊንዶውሱ ስንተኛው ነው? 32 ቢት ነው ወይስ 64? የሚያስፈልጉት የጋራ ፋይሎች አሉ? አንዱ ካልተሟላ ሥራው እዚያው ይቆማል። አንዱ የተለመደ ስህተት ከቢቱ ይመጣል። ኢንተርኔት ያለው ሰው በአዲሱ ላፕቶፑ አውርዶ በፍላሽ ለአሮጌው ያመጣለታል፤ የማውረጃ ገጾች ግን ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚመርጡት የሚያወርደውን ኮምፒውተር አይተው ነው። 64 ቢቱ ፋይል 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ 7 ከሆነ «ኮምፒውተር» የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» ሲገቡ «ሲስተም ታይፕ» በሚለው መስመር መልሱ ይገኛል። ዲኤልኤል የተባለ የጋራ ፋይል ጠፍቷል የሚል መልእክት ሲመጣም መፍትሔው ፋይሏን ብቻዋን ከማይታወቅ ገጽ ማውረድ አይደለም፤ በዊንዶውስ 7 ላይ በተደጋጋሚ የምትጎድለው የሲ ቋንቋ ማስኬጃ በማይክሮሶፍት ማሻሻያ ኬቢ 2999226 ትገባለች።

ከሁሉም የሚገርመው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት፣ ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አለች፤ መብራት ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት ደግሞ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ወዲህ የተሰጠ ከሆነ ዕድሜው ከ398 ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር ጤነኛውን ገጽ «አይታመንም» ብሎ ይዘጋዋል፣ ማውረዱም ይከሽፋል። እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ቀኑን የሚያስተካክለው ሰው ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላው ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ማጫወቻውን ከመውቀስ በፊት በስተቀኝ ጥግ ያለችውን ቀን ማየት ምንም አያስከፍልም።

የማጫወቻው ምርጫም ለክርክሩ ማስረጃ ይሆናል። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የተጀመረ፣ በ2001 ኮዱ ለሁሉም በነፃ የተከፈተ ሶፍትዌር ነው። ኮዴክ የሚባሉትን የቪዲዮ መፍቻዎች በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ የኮዴክ ጥቅል ለብቻ መፈለግ አያሻም። በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልዱ ሰርቪስ ፓክ 3 ባለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሳይቀር እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ማይክሮሶፍት ግን ኤክስፒን የተወው በ2014 ነበር። አሮጌ ማሽን ሁሉ አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለውን አባባል ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል።

«አሮጌ ሲስተም አደገኛ ነው፤ ማባበሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። ዊንዶውስ 7 ከእ.ኤ.አ. ጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 2025 ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኙም፤ በእንዲህ ያለ ማሽን የባንክ ሥራ መሥራት ሞኝነት ነው። ነገር ግን አደጋው በዋናነት የሚመጣው ከኢንተርኔቱና ከፍላሹ እንጂ ከማጫወቻው አይደለም። ከኔትወርክ ተነጥሎ የትምህርት ቪዲዮ ብቻ የሚያሳይ ኮምፒውተር ሌላ ጉዳይ ነው። ይልቅስ የሚያስፈራው ነፃ የሆነውን ሶፍትዌር «ክራክ» ተብሎ ከማይታወቅ ምንጭ መውሰድ ነው። ሌላው «ሊኑክስ ይጫንበት» ይላል፤ ለሚችል ሰው ጥሩ መንገድ ነው፣ ሉቡንቱን የመሰሉ ቀላል ዓይነቶች አሉ፤ ግን ያም ቢሆን ቢቱን ሳያዩ አይጀመርም።

መጫንና ማጫወት ግን ይለያያሉ፤ የዕድሜ ጥያቄ በትክክል የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ በቪኤልሲ ቅንብር ውስጥ የቪዲዮ ውፅዓቱን መቀየር ወይም የሃርድዌር ማፍጠኛውን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ኤች 264 የተባለው የቪዲዮ አስተማመቅ ከሦስት ዓመት በፊት ጸድቆ ነበር፤ ብዙ የዛሬ ስልኮች የሚቀርጹበት ኤች 265 ግን የ2013 ነው፤ ለመፍታትም እጅግ የበዛ ስሌት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ማጫወቻ መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ፋይሉን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 ለውጦ፣ የምስሉንም ቁመት ወደ 720 ወይም 480 አውርዶ ወደ አሮጌው መገልበጥ ይሻላል።