የቤታችን ሙዚቃ ጥራት የሚጠፋው የት ላይ ነው?



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። የቤቱን የሙዚቃ መሣሪያ አሻሽሎ ከካሴትና ከሲዲ ወደ ስትሪሚንግ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደሚደመጥ ሙዚቃ፣ ለመሸጋገር ያሰበ ሰው ውስን ገንዘቡን በምን ላይ ያውለው? እኔ ጥያቄውን የማየው ከገበያ ይልቅ በፊዚክስ ዓይን ነው። ሙዚቃ ከተቀረጸበት ስፍራ እስከ ጆሯችን ሲጓዝ የሚጎዳው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ማስታወቂያው ሁሉ ግን የሚያተኩረው በመካከሉ ላይ ነው።

መካከሉ ዲጂታል ፋይሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። ከናሙናው ቁጥር እኩሌታ በታች ያለ ድግግሞሽ ሳይጓደል ሊመለስ እንደሚችል በሒሳብ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ሲዲ እስከ 22,000 ሄርዝ ገደማ ይዘልቃል። የሰው ጆሮ ወሰን በወጣትነት እንኳ 20,000 ሄርዝ ያህል ነው፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ከዚህ ብዙ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ከሲዲ በላይ ለሚባለው የስትሪሚንግ ደረጃ ተጨማሪ የሚከፍል አድማጭ፣ በአብዛኛው የሚገዛው ጆሮው የማይደርስበትን ነው። በ320 ኪሎቢት የተጨመቀውን እንኳ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው፣ ከሲዲው ለመለየት ብዙ ሰው ይቸገራል። የዳታ ወጪው ግን በግልጽ ይለያያል፦ የተጨመቀው በሰዓት 144 ሜጋባይት ሲወስድ ያልተጨመቀው ሲዲ 635 ይደርሳል። በቤታችሁ ብታነጻጽሩ የሁለቱን የድምፅ መጠን አስቀድማችሁ እኩል አድርጉ፤ በጥቂቱ የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ለከፍተኛው ደረጃ ከፍሎ ሙዚቃውን በተራ ብሉቱዝ ወደ ስፒከር የሚልክም አለ፤ ብሉቱዙ እንደገና ስለሚጨምቀው ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንደኛው ጫፍ ክፍሉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ49 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ይሆናል። የሳሎናችሁ ወርድ 3.5 ሜትር ከሆነ የዚህ ሞገድ እኩሌታ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክ ይገጥማል፤ እየተመላለሰም በራሱ ላይ ይደራረባል። በግድግዳው ጥግ ቤዙ ከሚገባው በላይ ይጎላል፣ ወርዱ መካከል ላይ ግን ይጠፋል። ልዩነቱ ከ10 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። ለንጽጽር፣ የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በብሎኬት ግድግዳና በሴራሚክ ወለል በተሠሩ ቤቶቻችን ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ ከየአቅጣጫው እየነጠረ፣ ከዋናው ጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የዘፋኙ ቃል የሚደበዝዘው በዚህ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ምንም ከማያስወጣው ነገር ይጀመር። ስፒከሮቹን ከማእዘን አውጥታችሁ በጆሮ ትይዩ ከፍታ አስቀምጡ፤ የእናንተም መቀመጫ ከሁለቱ እኩል ይራቅ። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ የሚነጥረውን ድምፅ ያለዝባሉ፤ ቤዙን ግን አይነኩትም፤ እርሱን የሚያስተካክለው ስፒከሩንና መቀመጫውን ማንቀሳቀስ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ መጀመሪያ ለስፒከር፣ ቀጥሎ ለአምፕሊፋየር። ስለ ውድ ገመድ ጊዜ አላጠፋም፤ በቂ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ይበቃል።

ሁለተኛው ጫፍ የቀረጻው ምንጭ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ሙዚቃችንን በሸክላ አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት ሙዚቃው የተሰራጨው በካሴት ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ከምናገኛቸው የዚያ ዘመን ሥራዎች መካከል ከተገለበጠ ካሴት እንደተወሰዱ ጆሮ የሚመሰክርባቸው አሉ። ቴፑ 6 በመቶ ፈጥኖ ከዞረ የዘፋኙ ድምፅ በፒያኖ አንድ ቁልፍ ያህል ይቀጥናል፣ ምቱም ይፈጥናል። ይህን ፋይል ይዞ የአንድን ድምፃዊ የድምፅ ወሰን የሚለካ ተማሪ የሚለካው ድምፃዊውን ሳይሆን የቴፑን ሞተር ነው። ከፍተኛው የስትሪሚንግ ደረጃም ያንን ስሕተት በታማኝነት ከማድረስ ያለፈ ነገር አያደርግም።

ስትሪሚንግ ገባ ተብሎ የቤተሰቡ ካሴት ከተጣለ፣ ምናልባት የተሻለው ቅጂ አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ከዕቅዱ ጥቂት ገንዘብ በደንብ ለሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ይመደብ። ሄዱ በአልኮልና በጥጥ ይጠረግ፤ ቀረጻውም ሳይጨመቅ በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና ይሁን። የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ። የካሴቱንም ሽፋን ፎቶ አንሡት፤ ያቀናበረውንና ያጀበውን ሰው ስም ብዙ ጊዜ የምናገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው።