ጁባና የሰው ኃይል ዕቅድ ረጅም ሒሳብ

ኮር ዊሊያም በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ከሚገኙ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ በስሙ ውስጥ ያለው «ኮር» የሚለው የዐረብኛ ቃል ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ በበጋ ደግሞ የሚደርቅ የጎርፍ መውረጃን ያመለክታል። የከተማዋ የሥራ ገበያም ከዚህ መውረጃ እምብዛም የሚለይ አይደለም፤ ሰላም ሲሰፍንና የነዳጅ ዘይት ገንዘብ ሲገባ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከሱዳን በመጡ ሙያተኞች ይሞላል፣ ተኩስ ሲሰማ ወይም የአገሩ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ደግሞ ይራቆታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በ2013 መጨረሻና በ2016 አጋማሽ ጦርነት በከተማዋ ውስጥ በፈነዳ ጊዜ የታየውም ይኸው ነበር።

በ2008 በተካሄደው ቆጠራ የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን 8.26 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳላት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ18 ዓመት በታች፣ 72 በመቶው ደግሞ ከ30 ዓመት በታች ነበር። እንዲህ ያለ አገር የሰው እጥረት አለበት ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በተደረገ የቤተሰብ ጥናት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጎልማሳ 27 በመቶ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት በሞላበት ከተማ ውስጥ ሆቴል የሚከፍት ሰው እንግዳ ተቀባዩን ከአዲስ አበባ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ከካምፓላ ማስመጣቱ የተለመደ ነገር ሆነ።

ጉዳዩን በቅጡ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚነገሩ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የክህሎት እጥረት የሚባለው ቀጣሪው ተገቢውን ደመወዝ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ሥራውን የሚችል ሰው ሲያጣ ነው፤ የክህሎት አለመጣጣም የሚባለው ደግሞ የሠለጠነ ሰው እያለ የሠለጠነበት ነገርና ገበያው የሚጠይቀው ነገር ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ሦስተኛው ሙያተኛው እያለ ደመወዙ ስላልሳበው ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድበት ሁኔታ ሲሆን፣ በጁባ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በመሄዱ የተፈጠረው ክፍት ቦታ የዚህ ዓይነት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም በባዶ ወንበር ይገለጣሉና። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ ደመወዝ ያስሸሸውን ሠራተኛ ለመተካት ማሠልጠኛ መክፈት ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኛ በነፃ ከማዘጋጀት የተለየ ውጤት አያመጣም።

የጁባ ጉድለት ከየት እንደመጣ የዩኒቨርሲቲዋ ታሪክ ብዙ ይናገራል። የጁባ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1975፣ ማለትም በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ለደቡቡ ክፍል የራስ አስተዳደር ባስገኘበት የሰላም ዘመን ሲሆን፣ ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት በመበርታቱ በ1989 ወደ ካርቱም ተዛወረ፤ ጠቅልሎ የተመለሰው ነፃነት ከታወጀበት ከ2011 ጋር ተያይዞ ነው። በእነዚያ ሁለት ዐሥርት ዓመታት የተማረው ትውልድ በአብዛኛው በዐረብኛ የተማረ በመሆኑ፣ የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ ብዙ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛና መምህር ሙያው ሳይጎድለው በቋንቋው ምክንያት ብቻ ከሠለጠነ ሰው ዝርዝር ወጣ። ይህ የክህሎት አለመጣጣም እንጂ የክህሎት እጥረት አልነበረም፤ ለአንድ መሐንዲስ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት መስጠት አዲስ መሐንዲስ ከማፍራት እጅግ ይቀላልና፣ ልዩነቱ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይተርፍ ነበር።

ክፍተቱን በተግባር የሞላው ዕቅድ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ሁለተኛውን የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃው ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ በአንድ ጊዜ የመንግሥት መቀመጫ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ማዕከልና የግንባታ ሠፈር ስትሆን፣ ኢትዮጵያውያን በሆቴልና በምግብ ቤት፣ በግንባታ፣ በጀነሬተር ጥገናና በውሃ ቦቴ ሥራ ገቡ። የከተማዋ የቧንቧ መስመር ጥቂቱን ሕዝብ ብቻ ያዳርስ ስለነበር ከናይል ውሃ ቀድቶ በየሰፈሩ የሚያከፋፍለው ቦቴ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ሆነ፤ ሾፌሩ፣ መካኒኩና ረዳቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ አገር የመጡ ነበሩ። በግንባታም እንዲሁ ፎርማኑ ግንበኛውን፣ ፌሮ ሠራተኛውንና በያጁን የሚያመጣው ከሚያውቃቸው መካከል በመሆኑ፣ ሥራው በፍጥነትና በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፣ ሙያው ግን ከቡድኑ አይወጣም። ሕንፃው በአገሩ ሲቀር ሙያው ከሠራተኛው ጋር ድንበር ተሻግሮ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ሥራው የሚገኘው በዘመድና በትውውቅ ስለሆነ ክፍት ቦታው በጋዜጣም ሆነ በሠራተኛ ሚኒስቴር መዝገብ አይታይም፤ ያልታየ ክፍት ቦታ ደግሞ በማንም ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

መንግሥት ለዚህ ሁኔታ ደጋግሞ የሰጠው መልስ ክልከላ ነበር። በ2013 የውጭ አገር ዜጎች በሞተር ብስክሌት ሰው የማመላለስ ሥራ፣ ማለትም «ቦዳ ቦዳ» እንዳይሠሩ ተከለከለ፤ በመስከረም 2014 የሠራተኛ ሚኒስቴር ባወጣው ማስታወቂያ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ባንኮችና ሆቴሎች ከሥራ አስኪያጅ ጀምሮ እስከ እንግዳ ተቀባይ ያሉ መደቦችን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በአገሬው ሰው እንዲተኩ ታዘዘ፤ ከቀናት በኋላ ግን ይኸው ትእዛዝ ከመንግሥት ዘንድ ራሱ ማስተባበያና ማለዘቢያ ተሰጠበት። በመጋቢት 2017 የሥራ ፈቃድ ክፍያ ለባለሙያ እስከ 10,000 ዶላር እንደሚደርስ ተነገረ፣ እርሱም ብዙ ሳይቆይ እንዲቆም ተደረገ። ከእነዚህ ውሳኔዎች ጀርባ ያለው ቅሬታ ከንቱ አይደለም፤ በገዛ ከተማው ሥራ ያጣ ወጣት የሌላውን አገር ሰው ሲሠራ እያየ ዝም ይላል ተብሎ አይጠበቅም። ስሕተቱ የጊዜ ሒሳብ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት መንዳት በሳምንታት የሚለመድ በመሆኑ ክልከላው በዚያ ዘርፍ ሊሠራ ይችላል፤ የግዥ ባለሙያን ወይም የሰው ሀብት አስተዳዳሪን በ30 ቀን መተካት ግን የሚቻለው አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ካለ ብቻ ነው።

የሰው ኃይል ዕቅድ የሚባለው ሥራ ዋነኛ ቁም ነገርም ይህ የጊዜ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ሙያ ከምልመላ እስከ ብቃት የሚወስደው ዘመን የተለያየ ሲሆን፣ ዕቅድ አውጪው ከሚፈለግበት ዓመት ወደ ኋላ እየቆጠረ መጀመሪያ የሚደረግበትን ዓመት ያገኛል። ለዚህ ከደቡብ ሱዳን የተሻለ ምሳሌ የሚሰጠው አዋላጅ ነርስነት ነው። በ2006 የተካሄደ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 2,054 እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ እንደሚሞቱ ያመለከተ ሲሆን፣ ይህም በዓለም ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነበር፤ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ደግሞ በሙያው በወጉ የሠለጠኑት አዋላጆች ከ10 ያነሱ እንደነበሩ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ድርጅት ሲገልጽ ቆይቷል። በ2010 በጁባ የተከፈተው የነርሲንግና የአዋላጅነት ኮሌጅ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ የሚሰጥ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ2013 ነው። በእነዚያ ባዶ ዓመታት በካናዳና በስዊድን ድጋፍ ከሌሎች አገሮች አዋላጆች እየመጡ በሆስፒታሎች ሲሠሩ፣ ሥራቸው እናቶችን ማዋለድ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹን በተግባር ማስተማርም ነበር። የመጣው ሰው ለራሱ ተተኪ እንዲያፈራ ሆኖ መመደቡ ከቦቴው ሾፌር ጋር ያለውን ልዩነት ያሳያል፤ ሁለቱም የውጭ ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ግን የሚለቅበት ቀን ገና ሲመጣ ታስቧል።

ተመሳሳይ ሐሳብ የምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት ድርጅት ኢጋድ በ2011 በጀመረው ሥራ ላይ ታይቷል። ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ የተውጣጡ ወደ 200 የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች በደቡብ ሱዳን መሥሪያ ቤቶች ለሁለት ዓመት ያህል ሲመደቡ፣ ደመወዛቸውን የገዛ አገራቸው መንግሥት እየከፈለ፣ አበላቸውን ኖርዌይ ትሸፍን ነበር። እያንዳንዳቸው «መንታ» ከሚባል የአገሬው ባልደረባ ጋር ጎን ለጎን እየሠሩ ሙያውን በሥራ ላይ እንዲያስተላልፉ ታስቦ ነበር። ከአማካሪ ድርጅት የሚላክ ባለሙያ ሪፖርት ጽፎ ሲሄድ፣ ከጎረቤት መንግሥት የመጣው ሠራተኛ ግን ፋይል እንዴት እንደሚደራጅ፣ በጀት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር ማን ዘንድ እንደሚኬድ ከራሱ ቢሮ ልምድ ስለሚያውቅ አካሄዱ ብልህነት ነበረው። ሆኖም የ2013ቱ ጦርነት መንታዎችን ለያየ፤ ዕቅዱ ያላሰበው ነገር ቢኖር የሰላሙን መደፍረስ ነው ማለት ይቻላል።

ረጅሙን ሒሳብ የሚያሳየው ግን የኩባው ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ይዋጋ የነበረው የደቡቡ ንቅናቄ በኢትዮጵያ ምድር፣ በጋምቤላ አካባቢ ከነበሩ የስደተኛ ጣቢያዎች ወደ 600 የሚሆኑ ልጆችን መልምሎ ወደ ኩባ ሲልክ፣ ዓላማው ነፃ የምትወጣውን አገር የሚያስተዳድሩና የሚያክሙ ሰዎችን አስቀድሞ ማፍራት ነበር። ልጆቹ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ፤ አገሩ ግን ገና ጦርነት ላይ ስለነበር ብዙዎቹ ወደ ካናዳ ተሻገሩ፣ የሕክምና ፈቃዳቸው በዚያ ስላልታወቀላቸውም ሐኪሞች ሆነው ሳለ በጉልበት ሥራ የኖሩ ነበሩ። ከ2005 በኋላ የተወሰኑት በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሙያቸውን አድሰው ተመለሱ። ከመላካቸው እስከ መመለሳቸው 20 ዓመት አልፏል፤ ይህን ዕቅድ ከሽፏል ለማለትም ሰምሯል ለማለትም ያስቸግራል።

የሰው ኃይልን ፍላጎት በቁጥር ቀድሞ ለመተንበይ መሞከር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስድስት የሜዲትራኒያን አካባቢ አገሮች በታቀደው የኢኮኖሚ ዕድገት ላይ ተመሥርተው ስንት መሐንዲስና ስንት ቴክኒሻን እንደሚያስፈልጋቸው አስልተዋል፤ ዘዴው ወደ ብዙ ታዳጊ አገሮች ተዛምቷል፣ ትንበያዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ርቀው ተገኝተዋል። አንዱ ምክንያት ምሁራን «የሸረሪት ድር» የሚሉት ዑደት ነው፤ ለመሐንዲስ የሚከፈለው ደመወዝ ሲጨምር ብዙ ተማሪ ወደዚያው ይጎርፋል፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመረቅ ገበያው ይጠግባል፣ ደመወዙ ሲወርድ ተማሪው ይሸሻል፣ እንደገናም እጥረት ይመጣል። ኢትዮጵያ በ2008 የዩኒቨርሲቲ ቅበላዋን 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ ስትመድብ ቁጥሩ ቀጥተኛና ለመከታተል የሚመች ነበር፤ ፋብሪካው በተማሪው ፍጥነት ስላልተስፋፋ ግን የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በየከተማው ተበራከተ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቀናው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመው አየር መንገድ አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ አስተዳዳሪውም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ግን የውሉ አካል ስለነበር ቦታዎቹ በየደረጃው እየተተኩ ሄደው በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት መውሰዱ ብዙ ይመስላል፤ በአንድ ወር ማስታወቂያ ቢሞከር ኖሮ ግን አውሮፕላኑ አይነሳም ነበር።

በጁባ ዛሬ የዕቅዱ ወሰን ራሱ አከራካሪ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ስለተቀላቀለች ከኬንያና ከኡጋንዳ የሚመጣው ሙያተኛ ቢያንስ በወረቀት የጋራ ገበያው ሰው ነው፤ የማኅበረሰቡ አባል ካልሆነችው ከኢትዮጵያ የሚመጣው ግን በ2020 ካርቱም ላይ ሚኒስትሮች የተስማሙበትን የኢጋድ የነፃ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ተግባራዊነት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ላይ የሚሠሩ ሁለት ግንበኞች አንደኛው የክልሉ የሰው ኃይል፣ ሌላው የውጭ ዜጋ ተብለው ይቆጠራሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ከማንም መዝገብ ውጭ የቀረ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ከኢትዮጵያዊው መካኒክ ወይም ከኡጋንዳዊው ቧንቧ ሠራተኛ ሥር ዓመታት የሠራው ደቡብ ሱዳናዊ ረዳት ነው። ሥራውን ያውቀዋል፣ ምስክር ወረቀት ግን የለውም። በጁባ ከ2006 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ የተጠናከረው የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል በመካኒክነት፣ በአናጢነት፣ በኤሌክትሪክና በቧንቧ ሥራ አዳዲስ ሠልጣኞችን ከመቀበል ጎን ለጎን እንዲህ ያለውን ረዳት በምዘና ብቻ አረጋግጦ ማስመዝገብ ቢችል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ «ሲኦሲ» በሚባለው የብቃት ምዘና እንደሚደረገው ሁሉ፣ ወጪው የምዘና ክፍያና የጥቂት ቀናት ፈተና ብቻ ይሆን ነበር። ያ ረዳት ለሥልጠና የሚያስፈልገውን ዓመት በቦቴውና በጀነሬተሩ ሥር ተኝቶ ጨርሶታል።