አስቀድሞ ያለቀ ውሳኔ

ራስን ለመግዛት የሚወጣ ደንብ ሁለት ክፍል ብቻ አለው፤ «ይህ ሲሆን» እና «ይህን አደርጋለሁ»። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ሰዓት፣ ቦታ ወይም ክስተት ይጠራል፤ ሁለተኛው ያኔ የሚፈጸመውን ተግባር ይወስናል። «ከዛሬ ጀምሮ በርትቼ አጠናለሁ» ምኞት ነው። «እራት ተበልቶ ሳህን እንደተነሣ የሒሳብ ደብተሬን ገልጬ አንድ ጥያቄ እሠራለሁ» ግን ደንብ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ውሳኔው የተሰጠበት ጊዜ ነው። ምኞት ውሳኔውን ድካምና ፈተና ለሚመጡበት ሰዓት ያሳድረዋል፤ ደንብ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የዚህ ዓይነቱ ደንብ በየሳምንቱ በዓይን ይታያል። ረቡዕና ዓርብ ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጌዶ ባሉ ምግብ ቤቶች ሽሮና ምስር በብዛት ይታዘዛል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የሚታቀበው ጠዋት ተነሥቶ ከራሱ ጋር ተሟግቶ ስላሸነፈ አይደለም። ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ «ልብላ ወይስ ልተው?» የሚል ጥያቄ አይነሣም። በሥራው ሰነፍ፣ በገንዘቡ አባካኝ የሚባል ሰው እንኳ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ሳያጓድል ሲጨርስ ማየት የተለመደ ነው። ያው ሰው በሌላው ነገር ሁሉ «ቆራጥነት የለውም» ይባላል።

ጾም አምልኮ ስለሆነ ከራስ አያያዝ ዘዴ ጋር አንድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ከአሠራሩ ግን ብዙ መማር ይቻላል፤ በተለይ ልዩ ሁኔታዎችን ከሚይዝበት መንገድ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ገና ወይም ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ቢውል ይበላል። የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክራል። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የታወቁ ናቸው፤ «ዛሬ ደክሞኛል»፣ «ዛሬ ቀኑ ከፋብኝ» የሚሉ ሰበቦች ግን በዝርዝሩ የሉም። ደንቡ ዘመን የተሻገረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል። መቼ እንደሚላላ ራሱ ስለሚናገር፣ ሰው በተራበ ሰዓት አዲስ ቀዳዳ እንዲፈልግለት አይተውም። የሙስሊሙ የአምስት ወቅት ሶላትም እንዲሁ ጊዜው በፀሐይ አካሄድ የተወሰነ ነው፤ አዛን ሲሰማ ቀጥሎ የሚደረገው ይታወቃል።

እቁብ ገንዘብን በዚሁ መንገድ ይጠብቃል። ቀኑና መጠኑ ይታወቃል፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ እጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ብቻውን ሲሆን 1,000 ብር ለአንድ ወር ማቆየት የሚያቅተው ነጋዴ በእቁብ ቀን ያንኑ ገንዘብ ከየትም ብሎ ያመጣል። ልቡ በዚያ ቀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። «ልቆጥብ ወይስ አልቆጥብ?» ተብሎ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ድርሻውን ብቻ ነው።

ጾሙንም እቁቡንም ማኅበረሰብ ያወጣቸዋል፣ ማኅበረሰብ ይጠብቃቸዋል። የሚከብደው ዳኛም ጸሐፊም በሌለበት፣ በጥናት፣ በስልክ፣ በጤናና በግል ቁጠባ ጉዳይ አንድ ሰው ለብቻው የሚያወጣው ደንብ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ምክር «ወኔ ይኑርህ» የሚል ነው። የሥነ ልቦና ምርምር ግን በዚህ ምክር ላይ ያለውን እምነት እየቀነሰ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የፈቃድ ኃይል በሥራ ላይ እየዋለ የሚያልቅ ስንቅ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ሰፊ ተቀባይነት አግኝተው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት በ23 ቤተ ሙከራዎች የተደረገ ፍተሻ ግን ውጤቱን ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በጀርመኗ ቩርትስቡርግ አካባቢ የ205 ሰዎችን የዕለት ተዕለት ፍላጎት የተከታተለ ጥናት ታተመ። ራሳቸውን በመግዛት የተመሰገኑት ሰዎች ከሌላው ይልቅ የሚያጋጥማቸው ፈተና ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኑሯቸው ከፈተና ጋር ብዙ አያታግላቸውም። ስለዚህ ያላጠናን ልጅ «ወኔ የለህም» ብሎ መገሠጽ ልቡን ከመስበር ሌላ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

የ«ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ደንብን በስፋት ያጠኑት ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር ባሳተሙት ሥራ፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ ጽፈው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። ከፊሎቹ መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ሲልኩ፣ ካልወሰኑት የላኩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታኒያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የስፖርት ጥናት ይበልጥ ያስገርማል። ምንም ካልተነገራቸው 38 በመቶ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም ቅስቀሳ ከተደረገላቸው 35 በመቶ፣ ከቅስቀሳው በተጨማሪ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከወሰኑት ደግሞ 91 በመቶ የሚሆኑት ስፖርት ሠሩ። ቅስቀሳው ብቻውን ምንም አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጎልቪትሰርና ፓስካል ሺራን 94 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው የደንቡ ውጤት ከመካከለኛ ከፍ ያለ ነው ብለዋል። ሁልጊዜ ግን ይህን ያህል አይሆንም። በአሜሪካ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች የጉንፋን ክትባት የሚወስዱበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት እንዲጽፉ ሲደረግ፣ የተከተቡት ከ33 ወደ 37 በመቶ ብቻ አድገዋል።

ደንቡ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የተጠራው ምልክት በሐሳብ ውስጥ ነቅቶ ስለሚቆይ ሲመጣ ሳይታይ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ምልክቱና ተግባሩ ስለተቆራኙ በመካከላቸው ለማመንታት የሚሆን ጊዜ ይጠባል። ሰው ከዓላማው የሚንሸራተተው አብዛኛውን ጊዜ ዓላማውን ጠልቶት አይደለም፤ ሰዓቱ መጥቶ ሳያስተውለው ያልፋል፣ ወይም አስተውሎት «ትንሽ ቆይቼ» ይላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ምልክቱን መምረጥ ነው። ጥሩ ምልክት ሳይጠሩት የሚመጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የቡና ሁለተኛው ስኒ፣ የገበያ ቀን፣ ደመወዝ መግባቱን የሚናገር የስልክ መልእክት። «ጊዜ ሳገኝ» እና «ሲመቸኝ» ምልክት መሆን አይችሉም፣ ማንም መምጣታቸውን ለይቶ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በ1947 በግብርና ትምህርት ቤትነት ተመሥርቶ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም የሚማር ወጣት «በየቀኑ አነባለሁ» ከሚል፣ «ከምሳ በኋላ ከካፌ ስወጣ ወደ ዶርም ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍት እታጠፋለሁ» ቢል ይሻለዋል። ደንቡ በመታጠፊያው ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ቤተ መጻሕፍት ከደረሰ የቀረው ይቀላል። የመንግሥት ሠራተኛ «የደመወዙን መልእክት እንዳየሁ፣ ሌላ ነገር ሳልከፍል 500 ብር ወደ ቁጠባ ሒሳቤ አዛውራለሁ» ሲል የቁጠባው ጉዳይ በዚያች ደቂቃ ያልቃል፤ በወሩ መጨረሻ የተረፈውን ለመቆጠብ የሚያስብ ግን የሚተርፈው አይኖርም።

ለገበሬው ነገሩ ይከብዳል። በምዕራብ ሸዋ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ለጤፍ ማሳ ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ደግሞ በክረምት። ገንዘቡ በእጅ በሚገኝበትና በሚፈለግበት ወቅት መካከል ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሕመምና የልጆች ወጪ አለ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ ያጠኑት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ገበሬው አዝመራውን እንደሰበሰበ፣ ገንዘቡ ገና እጁ ላይ እያለ የማዳበሪያውን ዋጋ አስቀድሞ እንዲከፍልና ያለ ማድረሻ ክፍያ እንዲደርሰው ሲደረግ ተጠቃሚው በግልጽ ጨመረ። በግል ደንብ ሲተረጎም፣ «የመጀመሪያውን ኩንታል ሸጬ ብሩን እንደቆጠርኩ፣ ከገበያው ሳልወጣ የማዳበሪያውን ድርሻ ባንክ አስገባለሁ» ማለት ነው። «ከገበያው ሳልወጣ» የምትለው ሐረግ ዋናዋ ናት። ከገበያው ውጭ መጠጥ ቤቱም፣ አበዳሪውም፣ ዘመዱም ይጠብቃሉ።

እንቅፋትም የራሱን ደንብ ይፈልጋል። በአምቦም ሆነ በጉደር የሚያጠና ተማሪ መብራት እንደሚጠፋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከደጅ እንደሚያግድ ያውቃል። የማይቀር እንቅፋት እያለ «እንዳይመጣ» መመኘት ትርፍ የለውም። «መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪውን አብርቼ በቀን የጻፍኩትን ማስታወሻ እከልሳለሁ»፣ «ማለዳ ዝናብ ከያዘኝ ሩጫውን ትቼ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴ እሠራለሁ» ማለት ይቻላል። ይህ ለልጆችም ይሠራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋልተር ሚሼልና ሻርሎት ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕፃናትን ሥራ ሰጥተው በሚናገር የአሻንጉሊት ሣጥን ይፈትኗቸው ነበር። ሣጥኑ ሲጠራቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ ቀድመው የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ይልቅ በሥራቸው ጸኑ። የዛሬው ሣጥን ስልክ ነው። «ስልኩ ሲጮኽ እስከ ገጹ መጨረሻ አንብቤ አየዋለሁ» የሚል መልስ ያለው ተማሪ፣ «ስልክ አልነካም» ከሚለው ይልቅ ይሳካለታል።

ይህ የመጨረሻው ልዩነት በጥናትም የተደገፈ ነው። «ሳዝን ጣፋጭ አልበላም» ዓይነት በእምቢታ ብቻ የተሠራ ደንብ፣ ሊረሳ የሚፈለገውን ነገር መልሶ ወደ አእምሮ ያመጣዋል። ስለዚህ የሚከለከለው ነገር ምትክ ይፈልጋል፤ ከሥራ በኋላ ወደ ድራፍት ቤት ያመራ የነበረ ሰው «አልሄድም» ከሚል ወዴት እንደሚሄድ ቢወስን ይሻላል። ብዛትም ይጎዳል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ስለ ጥናት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ቁጠባና ስለ ምግብ ዐሥር ደንብ በአንድ ሌሊት የሚጽፍ ሰው፣ መስቀል ሳይደርስ ሁሉንም ይተዋቸዋል። በአንድ ጊዜ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

ደንብ ልማድ የሚሆንበት ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል። ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ አንድ ተግባር በራሱ የሚመጣ እስኪሆን በመካከለኛው ሲሰላ 66 ቀን ይወስዳል፤ ግምታቸው ከ18 እስከ 254 ቀን ይዘረጋል። አንድ ቀን መዝለል ግን የተሠራውን አላፈረሰም። አንድ ሌሊት ሳያጠና ያደረ ተማሪ «ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን የሚጥል ከሆነ፣ የጎዳው ከአንዱ ሌሊት ይልቅ መደምደሚያው ነው።

ደንቡ ገደብም አለው። የሌለ ገንዘብ አያስቆጥብም፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነን ሰው በደንብ ማጣት መውቀስ ግፍ ነው። በመጠጥ ወይም በጫት ሱስ የተያዘ ሰው በጤና ባለሙያና በቤተሰብ መታገዝ ይኖርበታል፤ የግል ደንብ ለሕክምናው አጋዥ ሊሆን ይችላል እንጂ አይተካውም። ዓላማውን ከልቡ ለማይፈልግ ሰውም ደንብ አይሠራለትም፤ ወላጅ የጻፈለትን ደንብ ያለ ፍላጎቱ የተቀበለ ልጅ ምልክቱን አይቶ ያልፈዋል።

ደንብ ሲያረጅ ደግሞ ይታደሳል። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ ጉባኤ ሥፍራ ነው፤ በቃል ታሪክ ሕጉን የደነገገው መኮ ቢሊ እንደሆነ ይነገራል። በገዳ ጉባኤ ሕጎች ይታያሉ፣ ይሻሻላሉ፣ ዳግም ይታወጃሉ። መሪው ስለደከመ ወይም ስላልደከመ አይደለም ሥልጣኑን የሚያስረክበው፤ ጊዜው ስለደረሰ ነው። ለግል ደንብም የመመርመሪያ ቀን አስቀድሞ ሊቆረጥለት ይገባል። ወሩ ሲያልቅ የተጠበቀው ደንብ ይቀጥላል። የተሰበረው ምልክቱ ይለወጥለታል፤ ከእራት በኋላ ያልሆነለት ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ሊሞክር ይችላል። ሁለት ጊዜ ምልክቱ ተለውጦለት አሁንም ያልሠራ ደንብ ተግባሩ ከበደ ማለት ነውና ያንሳል፤ አንድ ምዕራፍ የነበረው አንድ ገጽ ይሆናል።