ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥልጠና ባሻገር የሚሹት ድጋፍ

ደሴ፡- በማዕረግ የተመረቀ ወጣት በረዳት ምሩቅነት ሲቀጠር፣ በጥቂት ወራት ልዩነት ከተማሪ ወንበር ተነስቶ በዕድሜ ከሚቀራረቡት ተማሪዎች ፊት ይቆማል። የሙያውን ትምህርት ቢያውቅም ፈተና ማዘጋጀትን፣ የውጤት ቅሬታ መመርመርንና የምርምር ዕቅድ መጻፍን የሚማረው በሥራ ላይ ነው። በዚህ ወቅት የሚያግዘው ነባር መምህር መኖር አለመኖሩ፣ ከእርሱ ባሻገር በእጁ ለሚያልፉት ተማሪዎችም ወሳኝ ነው።

በደሴ ዋና ግቢውን፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ይዞ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተቋቋሙት 13 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። እነዚህ ተቋማት ሥራ ሲጀምሩ በብዛት የተማመኑት በጀማሪ መምህራን ነበር። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተተገበረው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር የመምህራኑ ስብጥር በማስተርስ 75፣ በዶክትሬት 25 በመቶ እንዲሆን ግብ አስቀመጠ። ግቡ ተገቢ ቢሆንም ያስከተለው ጫና አለ፤ ልምድ ያካበቱት ለከፍተኛ ትምህርት ሲሄዱ ወጣቱን የሚደግፈው ሰው ይሳሳል።

ለክፍተቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው ዋነኛ ምላሽ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ነው። መምህሩ መደበኛ ሥራውን ሳይለቅ ለአንድ ዓመት ያህል አሳታፊ የማስተማር ዘዴን፣ ተከታታይ ምዘናንና ተግባራዊ ምርምርን ይለማመዳል። ይሁንና ፕሮግራሙ የማስተማር ሥነ ዘዴን እንጂ የየሙያውን የአሠራር ልምድ አያስጨብጥም። ወርክሾፕን ወይም የሕክምና ተግባር ልምምድን እንዴት መምራት እንደሚገባ የሚያሳየው በዚያው ሙያ የቆየ ባልደረባ ነው።

ይህ በኮምቦልቻ ጎልቶ ይታያል። ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለጀማሪው መሐንዲስ በቅርብ ርቀት ቢገኙም፣ በሩን የሚከፍትለት ብዙውን ጊዜ የነባሩ መምህር ትውውቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ውስጥ በነበሩባቸው ሳምንታት ዩኒቨርሲቲው ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። መሣሪያ በጎደለበት ቤተ ሙከራ ትምህርትን አስተካክሎ መስጠት ደግሞ ከጀማሪ ይልቅ ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው የሚችለው ሥራ ነው።

ድጋፉ ለበጎ ፈቃድ ብቻ ሲተው ከማስተማርና ከምርምር የተረፈ ጊዜን ይጠብቃል፤ የሚተርፍ ጊዜ ግን እምብዛም የለም። ስለሆነም የትምህርት ክፍሎች ለጀማሪው በተቀጠረበት ሳምንት ነባር መምህር በደብዳቤ መመደብ፣ ለድጋፉ የሚውለውንም ሰዓት ከማስተማር ሰዓቱ ጋር ማስላት ይኖርባቸዋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለጀማሪው የሚሰጠው የኮርስ ብዛትም ቢቀነስ ይመረጣል። በተለይ ሊጤን የሚገባው ደጋፊው መምህር የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሞላው ኃላፊ ራሱ እንዳይሆን ነው፤ ውጤቱን ለሚሞላለት አለቃ «ክፍሉን መምራት አቃተኝ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ጀማሪ አይገኝም።