የፋሲል ግቢ አፈ ታሪኮች

ፋሲል ግቢ በጎንደር ከተማ የሚገኝ ጥንታዊ የነገሥታት ግቢ ነው። ዓፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ፣ ተከታዮቻቸው እነ ዓፄ ኢያሱና ዓፄ በካፋ በዚሁ ግቢ የየራሳቸውን ግንብ አሠርተዋል። ስለ ግቢው አንድ የትንቢትና አንድ የእርግማን ታሪክ ይነገራል።

ትንቢቱ

በአፈ ታሪክ መሠረት የመንግሥቱ መናገሻ ስሟ ከ«ገ» ቤት ፊደል በአንዱ በሚጀምር ስፍራ እንደምትቆም አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ጉዛራና ጎርጎራ በነገሥታት ቢሞከሩም ቋሚ መናገሻ አልሆኑም። በመጨረሻ ዓፄ ፋሲለደስ ለአደን ወጥተው አንድ ጎሽ ሲከተሉ ከኩሬ ዳር ደረሱ፤ በዚያም አንድ ባሕታዊ ቦታው ጎንደር እንደሆነ ነገሯቸው ይባላል።

እርግማኑ

ዓፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (አድያም ሰገድ) ወደ ጣና ደሴት ገለል ባሉበት ወቅት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሡ። ኢያሱም በ1706 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። በዚህ የተነሣ ልጁ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ተብለዋል። እሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ በአባታቸው ባለሟሎች ተወግተው ሞቱ። የኢያሱ ወንድም ዓፄ ቴዎፍሎስ ነግሠው በግድያው የተሳተፉትን አስቀጡ።

የግንቡ ጉዳት

የኢያሱ ግንብ ጣሪያውን አጥቶ ነበር። ለዚህ የሚጠቀሰው ምክንያት ግን እርግማን ሳይሆን በ1704 እ.ኤ.አ. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን ሲወጉ የጣሉት ቦምብ ነው። ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።