መብራት ሲመጣ የማይነሳው ማሽን

እንጨት ቤት ውስጥ ማሽን ሲገዛ ሁሉም የሚከራከረው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ መጋዙ ጥርስ ነው። ከጎኑ የተለጠፉትን አረንጓዴና ቀይ ቁልፎች ማንም አያነሳቸውም። እኔ ከማሽኑ ሁሉ አብልጬ የምወደው እነሱን ነው።

መነሻውን በአጭሩ ልበለው። የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ኮንታክተር ነው፤ ቁልፎቹ የሚያዙት የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ነው። ኮይሉ የ220 ይሁን የ380 ቮልት ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ሳያነብ የ220ውን በሁለት ፌዝ መሃል ያሰረ ሰው ጭሱን ለማየት ብዙ አይጠብቅም።

አረንጓዴው ሲጫኑት ይገናኛል፣ ሲለቁት ይላቀቃል። ታዲያ ጣታችንን ስናነሳ ማሽኑ ለምን አይቆምም? ኮይሉ በሳበ ቅጽበት 13 እና 14 የተባሉት ረዳት ነጥቦችም አብረው ይገጥማሉ። ሽቦአቸው ከአረንጓዴው ቁልፍ ጋር ጎን ለጎን ስለታሰረ፣ ቁልፉ ቢለቀቅም ኮይሉ በእነሱ በኩል መብራት ማግኘቱን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ግን ኮይሉ ይለቃል፣ 13 እና 14 ይለያያሉ። መብራቱ ተመልሶ ቢመጣም መንገዱ ተቆርጧልና ሰው መጥቶ እስኪጫን ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። መብራት በቀን ስንት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት አገር ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

«ብሬከር አለኝ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። መብራት ሲሄድ እንደተነሳ ይቀራል፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ያለ ማንም ትእዛዝ ይነሳል።

አንድ ዓመት ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ስንጓዝ መኪናችን ጎማ ለማስነፋት ውጫሌ ላይ ቆመች፤ እኔም መንገድ ዳር ካለ እንጨት ቤት ጎራ አልኩ። መብራት የለም። አንድ ልጅ ክብ መጋዙ ላይ አጎንብሶ በመዳፉ ሰጋቱራ ይጠርጋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር እንደተነሳ ነው። ባለቤቱን ለምን እንዳላጠፋው ብጠይቀው፣ «ኧረ ጋሼ፣ መብራት መምጣቱን በድምፁ እንድናውቅ ብለን ነው» አለኝ። ብሬከሩን ራሴ አወረድኩት። ደግነቱ ሰውየው አልተቀየመኝም፤ ሻይ አስመጣልኝ።

ቁልፍ ኖሯቸውም የሚያበላሹት አሉ። አንዳንዱ በአረንጓዴው ፋንታ የሚዞር ማብሪያ ይገጥማል፤ የዞረ ማብሪያ እንደዞረ ስለሚቀር መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ኮንታክተር የተገዛበት ገንዘብም ከንቱ ቀረ። ሌላው አረንጓዴው ቁልፍ ላይ የክብሪት እንጨት ሸጉጦ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው አመሻሽ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ተጥዶ ኃይሉ ሲደክም። ኮንታክተር እስከ 85 በመቶ ድረስ በደንብ እንዲስብ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ለ220 ቮልት 187 ማለት ነው። ከዚያ ሲወርድ ይንጣጣል፤ በግድ ተጭኖ ሲያዝ ዋና ነጥቦቹ እሳት እየተፉ ሊበየዱ ይችላሉ። አንዴ ከተበየዱ ደግሞ ቀዩን ቢደበድቡትም ሞተሩ አይሰማም። ኃይል ሲደክም ሥራ ማቆም ነው እንጂ ምን ያታግላል!

ቀዩ ሳይነካ የተገናኘ፣ ሲጫኑት የሚቆርጥ ነው። ሽቦው ቢላላ ወይም አይጥ ቢቆርጠው ማሽኑ ይቆማል። በተቃራኒው ቢታሰር ኖሮ የሽቦውን መበጠስ የምናውቀው ማቆም ሲያቅተን ነበር። ቀዩን ተጭኖ ምላጭ ለመቀየር እጁን የሚሰድ ሰው ግን ያናድደኛል፤ ከኮንታክተሩ በላይ ያለው ሽቦ አሁንም መብራት አለው፣ የሌላ ሰው እጅም አረንጓዴውን ሊነካው ይችላል። መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ።

ጠረጴዛው ረጅም ከሆነ በሌላው ጫፍ፣ እንጨቱን የሚቀበለው ሰው እጅ በሚደርስበት፣ ሁለተኛ ቀይ ቁልፍ ጨምሩ። ከመጀመሪያው ቀይ ጋር በተርታ ይታሰራል፤ ከሁለቱ የትኛውም ቢነካ ይቆርጣል። ሁለተኛ አረንጓዴ ግን አታስገቡ፤ ማስነሳቱ ምላጩን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ብቻ ይተው።