አጥሩ ለማን ቆመ?

በዋሽንግተን ዲሲ ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ውድሊ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ በእግሩ የሚሄድ ሐበሻ የሚሻገረው ድልድይ በዱክ ኤሊንግተን ስም የተሰየመ ነው። ሙዚቀኛው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተሸልሟል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በቀጣዩ ዓመት ሲሞት ከተማዋ ድልድዩን መታሰቢያው አደረገችው። በድልድዩ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት አጥር ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ለምን እንደቆመ ብዙም አይጠይቅም። በ1986 ሲተከል ግን ክርክሩ የጦፈ ነበር። የቅርስ ተቆርቋሪዎች የድልድዩ ውበት ይበላሻል ብለው ተሟገቱ። ሌሎች ደግሞ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ሌላ ረጅም ድልድይ እያለ ይህኛውን ማጠር ገንዘብ ማባከን ነው አሉ። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ቁጥሩን መረመሩ። በዓመት በአማካይ ወደ አራት ሰው ሕይወቱን ያጠፋበት የነበረው ድልድይ ላይ ሞቱ ሊቆም ምንም አልቀረው፤ ያልታጠረው ጎረቤቱም የዚህኛውን ሟቾች አልወረሰም።

ራስን ማጥፋት ከቦታ ጋር ያለው ዝምድና አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው አንድሬ-ሚሼል ጌሪ በ1833 የአገሩን ግዛቶች በቀለም እያደመቀና እያደበዘዘ ስድስት ካርታዎች ሲያሳትም አንዱ የራስን ማጥፋት ካርታ ነበር። ከየትኛውም የፈረንሳይ ጫፍ ተነስቶ ወደ ፓሪስ ሲጠጉ ቁጥሩ እየጨመረ እንደሚሄድ በዚያ ካርታ አሳየ። ሩት ካቫን በ1928 ቺካጎን ሰፈር በሰፈር ከፋፍላ አጠናች። ከሁሉም ይልቅ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ግን የእንግሊዛዊው ሐኪም የፒተር ሴንስበሪ ሥራ ነው። በ1955 ያሳተመው ጥናት የለንደንን ወረዳዎች ያነጻጽራል። ድህነት የበረታበት ወረዳ ሁሉ ቁጥሩ ይበዛል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ እዚያ ሌላ ነገር ያገኛል፦ ቁጥሩ የሚበዛው ሰው ብቻውን ክፍል ተከራይቶ በሚኖርበት፣ ነዋሪው ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበትና ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ሰፈር ነበር። እነዚህ ሁሉ ሟቹ የት ይኖር እንደነበር የሚያሳዩ ካርታዎች ናቸው። የዋሽንግተኑ አጥር የተተከለው በሌላ ዓይነት ካርታ፣ ሞቱ የት ደረሰ በሚለው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በዚህ መስክ የተለመደ ስህተት ነው፤ መኖሪያው የሚጠራው ማኅበራዊ ሠራተኛንና ጤና ጣቢያን ሲሆን የሞቱ ቦታ የሚጠራው መሐንዲስን ነው።

የካርታው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ራስን ማጥፋት እስካሁን የሐኪም ቤትና የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ሞት በአንድ ቦታ ሲደጋገም በካርታ ላይ ከታየ ግን የመንገድ ቢሮው፣ የባቡር ድርጅቱና የሕንፃ ፈቃድ ሰጪው ተጠያቂነቱን ይጋራሉ። ባለሥልጣናት ስለዚህ ካርታ ሲጠየቁ ዝምታ የሚመርጡት የሟች ቤተሰብን ክብር ለመጠበቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ቦታው ከታወቀ አጥሩን ማን ይሠራዋል የሚል ጥያቄ ይከተላል። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ በ1937 ተከፍቶ መረቡ ተዘርግቶ ያለቀው በ2024 መጀመሪያ ነው፤ ወጪውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። በዓመት በአማካይ ከሠላሳ በላይ የነበረው የሟቾች ቁጥር በዚያው ዓመት ከአሥር በታች ወርዷል። ቦታው ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ ነበር፤ የጎደለው የሚገነባ ነበር።

ጠንካራው ተቃውሞ “የቆረጠ ሰው ሌላ ቦታ አያጣም” የሚለው ነው። ሪቻርድ ሳይደን በ1978 ያሳተመው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ከ1937 እስከ 1971 በዚያ ድልድይ ላይ በሰው እጅ ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን ተከታትሎ ከመቶ 94ቱ ወይ በሕይወት እንዳሉ ወይ በተፈጥሮ ሞት እንዳረፉ ደረሰበት። የጭንቁ ጫፍ ብዙ ጊዜ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች ነው። (እንዲህ ያለ ሐሳብ የከበደው አንባቢ ካለ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ወይም በአቅራቢያው ላለ ጤና ተቋም ይንገር፤ ብቻውንም አይሁን።) ሆኖም ተቃውሞው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በቶሮንቶ የብሉር ድልድይ አጥር በ2003 ከተሠራ በኋላ የወጣው የመጀመሪያ ጥናት በዚያ ድልድይ ሞት ቢቆምም በከተማዋ የዚህ ዓይነቱ ሞት እንዳልቀነሰ አሳየ፤ ተቃዋሚዎችም ተደሰቱበት። ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተለውና በ2017 የወጣው ጥናት ግን መቀነሱን አገኘ። ከዚህ የምወስደው፣ አጥር ከተሠራ በኋላ ካርታው መዘጋት እንደሌለበት ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ያሳስታል፤ አንድ ሰፈር በሦስት ሞት ቀልቶ በቀጣዩ ዓመት ሊነጣ ይችላል።

ታዲያ ካርታው በአደባባይ ይውጣ? አይውጣ። ቪየና ለዚህ በቂ ምስክር ናት። በከተማዋ የምድር ባቡር የሚደርሰው ሞት ከ1984 ጀምሮ ሲበዛ ባለሙያዎች በ1987 ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ አዘጋጁ። ጋዜጦች ቦታውንና ሁኔታውን እያጋነኑ መጻፍ ሲተዉ ቁጥሩ በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከ75 በመቶ በላይ ወረደ። የሞት ቦታ ካርታ ዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ ላይ መድኃኒት ነው፤ በፊት ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ለተጨነቀ ሰው መንገድ ይጠቁማል። እኔም አጥር ወይም መረብ ያላቸውን ድልድዮች ብቻ በስም የጠራሁት ለዚህ ነው። የሕዝብ መብት የሚጠበቀው ካርታውን በማተም ሳይሆን ምን እንደተሠራ ሪፖርት በማስገደድ ነው።

የመኖሪያው ካርታም የራሱ ዕውር ቦታ አለው። በእስራኤል ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ራሳቸውን የሚያጠፉበት ምጣኔ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ከፍ ብሎ መታየቱን ጥናቶች መዝግበዋል። የአንድ ከተማ አማካይ ይህን ይውጠዋል፤ ሰፈሩ ደህና መስሎ ሲታይ በውስጡ ያለው ማኅበረሰብ ይጎዳል። አገሪቱ በ2009 የመከላከል ሙከራዋን በረሆቮት፣ በራምላና በከፍር ካና ስትጀምር ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ረሆቮት አንዷ መሆኗ፣ ለሥራው ከካርታ ጋር ቋንቋ የሚያውቅ ሰውም እንደሚያስፈልግ ያስታውሳል።

ወደ እኛ ከተሞች ሲመጣ ችግሩ ከመዝገቡ ይጀምራል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤተሰብ ፍትሐት ይከለከልብናል፣ ስማችን ይጠፋል ብሎ የሞቱን ምክንያት ይደብቃል፤ ስለዚህ በዛሬው መዝገብ የሚሠራ ካርታ ከእውነቱ የገረጣ ነው። ይህ ግን ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። ረጅም ሕንፃና ድልድይ በየዓመቱ እየተገነባ ነው፤ የመከላከያውን ቁመት በዲዛይኑ ላይ መወሰን ኋላ ከመጨመር በብዙ እጅ ይረክሳል፤ ለዚህኛው ደግሞ የሞት መዝገብ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም።